ዝቅተኛ ኦክስጅንና የመከላከያ ሴሎች ጉዞ፦ በጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በጎንደርና በዙሪያዋ ለሚሠሩ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ነርሶችና የጤና ተማሪዎች የተጻፈ ነው፤ ጉዳዩን ማወቅ የሚፈልግ ሌላ አንባቢም ሊከተለው ይችላል። ጥያቄዎቹ የሚመጡት ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንዱ «የምንኖርበት ከፍታ የሰውነታችንን መከላከያ ያዳክማል ወይ?» የሚል ነው። ሌላው ቁስል፣ መግል የቋጠረ እባጭና የቲቢ ቁስለት ውስጥ ስላለው የኦክስጅን እጥረት ነው። ሁለቱ አንድ ነገር ስለሚመስሉ ይምታታሉ፤ በመጠን ግን በጣም ይራራቃሉ።

«ዝቅተኛ ኦክስጅን» ሲባል ስንት ነው?

በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ መተማም ሆነ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ያው 20.9 በመቶ ነው። የሚለወጠው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ወለል 760 ሚሜ ሜርኩሪ የሆነው ግፊት 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጎንደር ወደ 590 ይወርዳል። የምንስበው አየር ሳንባ ከመድረሱ በፊት በውሃ ተን ስለሚረጥብ ከዚህ ላይ 47 ይቀነሳል፤ የቀረው በ0.209 ሲባዛ ወደ ሳንባ የሚገባው የኦክስጅን ግፊት ይገኛል። በባሕር ወለል 149፣ መተማ ላይ 136 ገደማ፣ ጎንደር 113፣ ስሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ ሰፈር (3,620 ሜትር) ደግሞ 94 ገደማ ሚሜ ሜርኩሪ ይሆናል።

አሁን ይህን ከቲሹ ጋር እናስተያየው። ጤናማ በሆነ አብዛኛው የሰውነት ክፍል ውስጥ ሴሎች የሚኖሩት ከ20 እስከ 70 ሚሜ ሜርኩሪ ባለ ኦክስጅን ነው። የአጥንት መቅኔ ከዚህም ዝቅ ይላል፤ በአይጥ ላይ በቀጥታ ሲለካ አንዳንድ ቦታው 10 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። መግል የያዘ እባጭ፣ የካንሰር ዕጢ መሐል፣ ደም ያልደረሰው ቁስል ብዙ ጊዜ ከ10 በታች ናቸው። እንግዲህ ከመተማ ጎንደር መውጣት ለሳንባ 23 ሚሜ ሜርኩሪ ያህል ይቀንስበታል፤ ጤናማ ቆዳ ላይ ከነበረበት ወደ እባጭ መሐል የገባ ሴል ግን የነበረውን ኦክስጅን አብዛኛውን ያጣል። የሴሎችን እንቅስቃሴ በእርግጥ የሚለውጠው ይኸኛው ነው።

ታዲያ ጎንደር ወይም ደባርቅ የሚኖር ሰው መከላከያ ሴሎቹ ቀርፋፎች ናቸው?

አይደሉም። በዚህ ከፍታ የሚኖር ጤናማ ሰው ቲሹዎቹ የሚፈልጉትን ያገኛሉ። እንዲያውም የአማራ ደገኞች በዚህ ረገድ በዓለም የታወቀ ምሳሌ ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሲመረመሩ አማካይ የደም ኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸውም ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነበር። ይህ ዝቅ ባለ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። በተመሳሳይ ከፍታ የሚኖሩ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ፣ ሙሌታቸው ዝቅ ያለ ነው። «ደገኛ ስለሆንን ቁስላችን አይድንም» የሚለው አባባል መሠረት የለውም።

ሴሉ ኦክስጅን ማነሱን በምን ያውቃል?

በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ሂፍ-1 አልፋ (ባጭሩ ሂፍ) የሚባል ፕሮቲን ሳያቋርጥ ይሠራል፤ ሳያቋርጥም ይፈርሳል። የሚያስፈርሱት ፕሮሊል ሃይድሮክሲሌዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። እነዚህ ሥራቸውን ለመሥራት ኦክስጅን፣ ብረትና አልፋ-ኬቶግሉታሬት ይፈልጋሉ። ኦክስጅን ሲኖር በፕሮቲኑ 402ኛና 564ኛ ቦታ ላይ ምልክት ያደርጉበታል፤ ምልክቱን ቪኤችኤል የተባለው ፕሮቲን አይቶ ለመጥፋት ያሳልፈዋል። የሂፍ-1 አልፋ ግማሽ ዕድሜ በዚህ ሁኔታ 5 ደቂቃ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ምልክቱ አይደረግም፤ ፕሮቲኑ ይከማቻል፤ ወደ ኑክለስ ገብቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን ያስነሳል። ግሬግ ሴሜንዛ፣ ፒተር ራትክሊፍና ዊልያም ኬሊን እ.ኤ.አ. የ2019ን የኖቤል ሽልማት በሕክምና ያገኙት ይህን በመግለጣቸው ነው።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ከሚነሱት ጂኖች መካከል ጉዞን የሚመሩት መኖራቸው ነው፦ ሴሉ ላይ ሲኤክስሲአር4 የተባለው ተቀባይ፣ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ደግሞ ያንን ተቀባይ የሚጠራው ኬሞካይን (የመጥሪያ ፕሮቲን) ሲኤክስሲኤል12፣ የኒውትሮፊል (ቁስል ጋ ፈጥኖ የሚደርሰው ነጭ የደም ሴል) መጣበቂያ የሆነው ቤታ-2 ኢንተግሪን፣ እንዲሁም ስኳርን ያለ ኦክስጅን የሚያቃጥሉ ኢንዛይሞች። ብረት እንደሚያስፈልግም ልብ ይበሉ፤ ኋላ ስለ ኮባልት ስናነሣ ይመለሳል።

የመከላከያ ሴል ከደም ወጥቶ ቁስል ጋ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?

መጀመሪያ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ እየተንከባለለ ይቀዘቅዛል፤ ይህን የሚያደርጉት ሴሌክቲኖች የተባሉ መያዣ ፕሮቲኖች ናቸው። ቀጥሎ ኬሞካይን ሲነካው ኢንተግሪኑ ይከፈትና ጥብቅ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በግድግዳው ላይ ተስቦ ክፍተት ፈልጎ ይሾልካል። ቲሹ ውስጥ ከገባ በኋላ የኬሞካይኑ መጠን ወደሚበዛበት ይሄዳል፤ ፊቱን በአክቲን ክሮች እየገፋ፣ ኋላውን በማዮሲን እየሰበሰበ። ፍጥነቱ ትንሽ አይደለም፦ ቲ-ሴል (የታመሙ ሴሎችን ለይቶ የሚያጠቃ ነጭ የደም ሴል) በሊምፍ ንፍፊት ውስጥ በደቂቃ 10 ማይክሮን ገደማ፣ ኒውትሮፊል ደግሞ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ይጓዛል። ይህ ሁሉ ኤቲፒ፣ ማለትም የሴሉን ጉልበት፣ ይበላል።

የኦክስጅን እጥረት በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ላይ እኩል አይሠራም። የደም ሥሩን ግድግዳ ያላላል፤ መጣበቂያዎቹን ያበዛል፤ ማለትም መግቢያውን ያሰፋል። ከገቡ በኋላ ግን የጥሪውን ተቀባዮች ይለዋውጣል። ስለዚህ «ያፋጥናል ወይስ ያዘገያል?» የሚለው ጥያቄ የትኛው ሴል፣ በየትኛው ደረጃ የሚለው እስካልተጨመረበት ድረስ መልስ የለውም።

ኒውትሮፊልስ?

ኒውትሮፊል ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሴል ነው። ሚቶኮንድሪያው (በኦክስጅን ጉልበት የሚያመነጨው የሴሉ ክፍል) ጥቂት ነው፤ ጉልበቱን የሚያገኘው በአብዛኛው ስኳርን ያለ ኦክስጅን በማፍረስ ነው። ስለዚህ 1 በመቶ ኦክስጅን ውስጥም መሄድ አያቅተውም። በአይጥ ላይ ሂፍ-1 አልፋ ከማይሎይድ ሴሎች (ኒውትሮፊልና ማክሮፋጅ ካሉበት ወገን) ሲወገድ ግን የሴሎቹ ኤቲፒ ክፉኛ ያንሳል፤ እንቅስቃሴያቸውም ወደ ቲሹ መግባታቸውም ይዳከማል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2003 ተገልጿል። ማለት ኒውትሮፊል ኦክስጅን ሲያጣ የሚሄደው ሂፍ ስላዘጋጀው ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። መድረስና መግደል አንድ አይደሉም። ኒውትሮፊል ባክቴሪያን ከሚገድልባቸው መሣሪያዎች ዋናው ናድፒኤች ኦክሲዴዝ ነው፤ የእሱ ጥሬ ዕቃ ራሱ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን በሌለበት እባጭ ውስጥ ኒውትሮፊል ተሰብስቦ ይገኛል፤ ስታፊሎኮከስ ኦሬስን የመግደል አቅሙ ግን ወርዷል። ኢ. ኮላይን መግደሉ በንጽጽር ብዙም አይነካም፤ እሱን በሌሎች መንገዶች ይወጣዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ የኦክስጅን እጥረት የኒውትሮፊልን ሞት ያዘገያል፤ የያዛቸውን ቲሹ አፍራሽ ኢንዛይሞችም ይበልጥ ይለቃል። ሥራውን ጨርሶ መሄድ ወይም መሞት የነበረበት ሴል እዚያው ይቆያል። ግልጽ ሰውነት ባላቸው የዜብራ ዓሣ ጫጩቶች ላይ ሂፍ እንዳይፈርስ ሲደረግ ኒውትሮፊሎች ከቁስሉ የመመለሳቸው ነገር እንደሚዘገይ በዓይን ታይቷል። መግል የቋጠረ እባጭ በመድኃኒት ብቻ የማይለቀው፣ መፈንዳት ወይም መከፈት ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፦ ውስጡ የሚገድል መሣሪያ ያጣ ጦር ተከማችቷል፤ መድኃኒቱም በደም በኩል በደንብ አይደርስም።

ሞኖሳይትና ማክሮፋጅ ለምን እዚያው ይቀራሉ?

ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ብዙ የሚያስቸግሩን በሽታዎች የማክሮፋጅ በሽታዎች ናቸውና።

ሞኖሳይት ቲሹ ውስጥ ሲገባ ማክሮፋጅ (ባክቴሪያንና የሞተን ሴል የሚውጥ ሴል) የሚሆን ነጭ የደም ሴል ነው። ከደም የሚወጣው በአብዛኛው ሲሲአር2 በተባለ ተቀባይ ሲሲኤል2 የተባለውን ጥሪ ተከትሎ ነው። ኦክስጅን ወዳነሰበት ቦታ ሲቀርብ ቪኢጂኤፍ (ደም ሥር የሚያሳድግ ፕሮቲን) እና ሌሎች ጥሪዎችም ይስቡታል። ሲገባ ግን ሁኔታው ይቀየራል፦ የሲሲአር2ና የሲሲአር5 ተቀባዮች ይቀንሳሉ፤ ከተቀባዩ ወደ ውስጥ ምልክት የሚያስተላልፉትን ፕሮቲኖች የሚያጠፋ ኤምኬፒ-1 የተባለ ኢንዛይም ይነሣል፤ ሲኤክስሲአር4 ደግሞ ይበዛል። ውጤቱ ሴሉ ከሩቅ የጠራውን ድምፅ መስማት ያቆምና አጠገቡ ያለውን ብቻ ይሰማል። እዚያው ይቆማል።

ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ቁስል መሐል ማክሮፋጅ ቆሞ የሞተውን ማንሣትና አዲስ ደም ሥር መጥራት አለበት። ደም ሥሩ ሲደርስ ኦክስጅን ይመለሳል፤ ሴሉም ይፈታል። ጥፋት የሚሆነው ደም ሥሩ ሳይደርስ ሲቀር ነው፦ በካንሰር ዕጢ፣ በቆየ ቲቢ፣ ስኳር ሕመም ባለበት እግር ላይ። ካንሰር ውስጥ የታሰሩት ማክሮፋጆች የካንሰሩን ደም ሥር ያሳድጋሉ፤ ቲ-ሴሎችንም ያፍናሉ። የስኳር ሕመምተኛ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው፦ የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል ሂፍ ራሱ በሚገባው መጠን አይከማችም፤ ስለዚህ እግሩ ኦክስጅን አንሶትም ሴሎቹ እንዳነሰው ሆነው አይሠሩም።

ቲ-ሴልስ ከእነዚህ ይለያል?

ይለያል፤ ተቃራኒው ነው ማለት ይቻላል። ኒውትሮፊልና ማክሮፋጅ ወደ ኦክስጅን አልባው ቦታ ይገባሉ፤ ገዳይ ቲ-ሴሎች ግን ዳር ላይ ይቀራሉ። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ በሴሎች ዙሪያ አዴኖሲን ይጠራቀማል፤ ሲዲ73 የተባለው አምራቹ ሂፍ የሚያስነሣው ነው። አዴኖሲን በኤ2ኤ ተቀባይ በኩል ቲ-ሴሉን ያቀዘቅዛል። በተጨማሪ ቲ-ሴል ካልሲየም ለማስገባት የሚመካበት ኬቪ1.3 የተባለ የፖታሲየም መተላለፊያ በዝቅተኛ ኦክስጅን ይዳከማል፤ ካልሲየሙ ሲያንስ ምልክቱም ጉዞውም ይዳከማል። ዕጢ ያለባቸው አይጦች 60 በመቶ ኦክስጅን ሲተነፍሱ ቲ-ሴሎች ወደ ዕጢው ይበልጥ እንደገቡ ታይቷል። ይህ በአይጥ የተገኘ ውጤት ነው፤ ለካንሰር ታማሚ ኦክስጅን ስጡ ማለት አይደለም።

ዴንድሪቲክ ሴሎች?

እነዚህ የጀርምን ቁራጭ ይዘው ለቲ-ሴሎች የሚያሳዩ ሴሎች ናቸው። እዚህ ላይ ጽሑፎቹ አይስማሙም። ወደ ሊምፍ ንፍፊት የሚመራቸው ሲሲአር7 በኦክስጅን እጥረት ጨመረ የሚሉም፣ ቀነሰ የሚሉም አሉ። ልዩነቱ በአብዛኛው ሴሉ በምን ደረጃ እንደበሰለና እጥረቱ ለስንት ሰዓት እንደቆየ ላይ ነው። አንድ ጽሑፍ ብቻ አንብቦ መደምደም አይገባም።

ቲቢ፣ ቁንጭርና ካላዛር ላይ ይህ ምን ትርጉም አለው?

ቲቢ፦ የቲቢ ባክቴሪያ የተከበበበት የመከላከያ ሴሎች ክምር፣ ግራኑሎማ፣ መሐሉ ሲበሰብስ ደም ሥር አይደርሰውም። በጥንቸል ላይ በቀጥታ ሲለካ የኦክስጅን ግፊቱ 1.6 ሚሜ ሜርኩሪ ገደማ ሆኗል። ባክቴሪያው እዚህ መራባቱን ያቆማል እንጂ አይሞትም፤ ሲራባ የሚገድሉት መድኃኒቶችም ብዙ አይነኩትም። ማክሮፋጆች በዙሪያው ታስረዋል፤ ቲ-ሴሎች ዳር ላይ ናቸው። በተጨማሪ ዝቅተኛ ኦክስጅን ከማክሮፋጆች የሚወጣውን ኮላጅን ቆራጭ ኢንዛይም፣ ኤምኤምፒ-1ን፣ ስለሚጨምር ሳንባው ይሸነቆራል። ታማሚው በሁለተኛው ወር ሳሉ ለቆት ክብደቱ ሲመለስ «ዳንኩ» ብሎ መድኃኒቱን የሚያቆምበት ጊዜ ባክቴሪያው ከዚያ ኦክስጅን አልባ ኪስ ገና ያልወጣበት ጊዜ ነው። የ6 ወሩ ሕክምና ሙሉ መወሰድ ያለበት ለዚህ ነው፤ ይህን ለታማሚው በዚህ መልክ ማስረዳት «አታቁም» ብቻ ከማለት ይሻላል።

ቁንጭር፦ በደጋው የሚታየው፣ ሊሽማንያ የተባለ ጥገኛ የሚያመጣው የቆዳ ሊሽማንያሲስ ነው። በአይጥ ላይ በሌላ የሊሽማንያ ዝርያ፣ በሊሽማንያ ሜጀር፣ በተሠራ ጥናት ቁስሉ ውስጥ ኦክስጅን እንደሚወርድ፣ ማክሮፋጆችም ጥገኛውን በናይትሪክ ኦክሳይድ የመግደል አቅማቸው እንደሚቀንስ ታይቷል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ለመሥራት ኦክስጅን ስለሚያስፈልግ ነው። ኦክስጅን ሲመለስ መግደሉም ተመለሰ። በእኛ ደጋ ያለው ሊሽማንያ ኤቲዮፒካ ስለሆነ ውጤቱን እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ መሠረታዊው የኢንዛይም አሠራር ግን ያው ነው። ሴሎች አሉ፤ የሚገድሉበት አጥተዋል።

ካላዛር፦ ከመተማና ከቋራ ሰሊጥ አጨዳ በሚመለሱ ሠራተኞች ላይ በብዛት የሚታየው የውስጥ ሊሽማንያሲስ ጣፊያን በጣም ያሳብጣል። በአይጥ ላይ በሚሠሩ ጥናቶች የሂፍ-1 አልፋ በጣፊያው ሴሎች ውስጥ መቆየት የዴንድሪቲክ ሴሎችን ሥራና የቲ-ሴሎችን ምላሽ እንደሚያደናቅፍ ተገልጿል።

አንድ ሰው ስሜን ወጥቶ ሲመለስ ነጭ የደም ሴሉ ከፍ ብሎ ቢገኝ ኢንፌክሽን ነው?

የግድ አይደለም። በከፍታ የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት አድሬናሊንና ኮርቲዞል ይጨምራሉ፤ እነሱም በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጠግተው የነበሩ ኒውትሮፊሎችን ወደ ፈሳሹ ደም ያወጣሉ። ሽቅብ መሄዱ ራሱም ይህን ያደርጋል። ቁጥሩ የጨመረው አዲስ ስለተመረተ ሳይሆን ቦታ ስለቀየረ ነው። ትኩሳት፣ ያልበሰሉ ኒውትሮፊሎች መብዛት ወይም የኢንፌክሽን ምልክት ከሌለ ከ2 እስከ 3 ቀን ቆይቶ መድገም ይበቃል። ይሁን እንጂ በቅርብ ከፍ ያለ ቦታ የወጣ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሳል ካለውና አረፋ የሚመስል አክታ ካወጣ የከፍታ የሳንባ ውሃ ሊሆን ይችላል። ይህ ቀላል ትኩሳትም ስለሚያመጣ ከሳንባ ምች ጋር ይምታታል፤ ዝቅ ወዳለ ቦታ ማውረድና ኦክስጅን መስጠት መዘግየት የለበትም።

የጣት መለኪያው 95 ካሳየ ቁስሉ በቂ ኦክስጅን አለው ማለት ነው?

አይደለም። መለኪያው የሚነግረን በደም ወሳጅ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደያዘ ነው። ጎንደር ላይ ጤናማ ሰው በአብዛኛው ከ93 እስከ 97 ያሳያል። ደሙ ግን ቁስሉ ጋ ካልደረሰ፣ ሄሞግሎቢኑ ራሱ ካነሰ (ሙሌቱ 97 ሆኖ ሄሞግሎቢኑ 6 ሊሆን ይችላል)፣ ወይም እብጠት ደም ሥሩን ከተጫነው ቲሹው ይራባል። በቆዳ ላይ ተለጥፎ የሚለካ መሣሪያ ባለበት ቁስሉ አጠገብ ከ40 ሚሜ ሜርኩሪ በታች ከሆነ መዳኑ ይዘገያል፤ ከ30 በታች ደግሞ በጣም ይቸግራል። መሣሪያው ከሌለ የእግር ምት፣ የቆዳ ሙቀትና ጥፍር ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ይናገራሉ።

የከሰል ጭስ ባለበት ክፍል ለቆየ ሰው ደግሞ የጣት መለኪያው ያሳስታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ኦክስጅን ብንሰጥ ሴሎቹ ይስተካከላሉ?

ሳንባው ላይ ችግር ላለበት ሰው፣ አዎ፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ያስቀመጠው መነሻ ሙሌቱ ከ90 በመቶ ሲያንስ ነው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ 87ን መጠቀም ይፈቀዳል። ጎንደር ከተማ ከ2,500 በታች ስለሆነች መነሻው 90 ነው፤ ደባርቅ ግን ከዚያ በላይ ናት።

ሙሌቱ 96 ለሆነ ሰው በአፍንጫ ኦክስጅን መጨመር እባጭ ውስጥ ያለውን ሁኔታ ብዙም አይለውጥም፤ መንገዱ ተዘግቷልና። እዚያ የሚሠራው መግሉን ማውጣት፣ የሞተውን ሥጋ ማንሣት፣ ደም ማነስን ማከም፣ የደም ስኳርን ማውረድ፣ ሲጋራ ማቆም ነው። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ሻማ፣ ጧፍ፣ የከሰል ምድጃና ዕጣን አይገቡም፤ አስታማሚ ቤተሰብ በቅን ልቦና ስለሚያመጣቸው ቀድሞ መንገር ይገባል።

ላብራቶሪያችን ውስጥ ኢንኪዩቤተሩን (የሴል ማሳደጊያ ሣጥኑን) 1 በመቶ ኦክስጅን ላይ ካደረግን ከሌላ አገር ውጤት ጋር እኩል ነን?

አይደለም፤ ይህ በደጋ ከተሞች ላብራቶሪዎች ሁሉ በቀላሉ የሚረሳ ስሕተት ነው። በመቶኛ የሚነገረው ድርሻ ነው፤ ሴሉ የሚያየው ግፊት ነው። በባሕር ወለል 1 በመቶ ኦክስጅን በእርጥብ አየር 7.1 ሚሜ ሜርኩሪ ነው፤ ጎንደር ላይ 5.4። እኩል ለመሆን 1.3 በመቶ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ማነጻጸሪያው «መደበኛ» ኢንኪዩቤተርም እንደዚሁ ነው፦ በባሕር ወለል 142 ገደማ የሆነው ኦክስጅን እዚህ 108 ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደግሞ ይብሳል፤ ማንም አያስበውምና። 5 በመቶ በባሕር ወለል 35.6 ሚሜ ሜርኩሪ ሲሆን ጎንደር ላይ 27 ነው። ሚዲየሙ (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) ባይካርቦኔቱ ሳይቀነስ ይህን ሲያገኝ ፒኤቹ በ0.12 ገደማ ከፍ ይላል፤ ኒውትሮፊልም ቲ-ሴልም ለፒኤች ስሱ ናቸው። ወደ 6.6 በመቶ ማሳደግ ያስተካክለዋል። ሚዲየሙ በጠዋት ወደ ሮዝ-ሐምራዊ ካደላ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይኸው ይሁን።

ዳሳሹንም መፈተሽ ያስፈልጋል። ብዙ የኦክስጅን ዳሳሾች የሚለኩት ግፊትን ሆኖ በመቶኛ የሚያሳዩት በተስተካከሉበት ቦታ ግፊት አስልተው ነው። በባሕር ወለል የተስተካከለ ዳሳሽ ጎንደር ላይ በክፍት አየር 16 በመቶ ገደማ ያሳያል። በሩን ከፍታችሁ 20.9 ሳይሆን 16 ካያችሁ ማሽኑ አልተበላሸም፤ እዚሁ ላይ እንደገና መስተካከል አለበት። በጽሑፋችሁ ውስጥ በመቶኛውን ብቻ ሳይሆን ሚሜ ሜርኩሪውንና የቦታውን ግፊት ጻፉ።

የጉዞ ሙከራውን እንዴት እንሥራ?

ቀላሉና አስተማማኙ ባለ ቀዳዳ ወንፊት ኩባያ ነው፤ ሴሎቹ ከላይ ተጨምረው ከታች ኬሞካይን ወዳለበት በቀዳዳው ይሾልካሉ። ለኒውትሮፊል 3 ማይክሮን፣ ለሞኖሳይትና ለቲ-ሴል 5፣ ለማክሮፋጅ 8 ማይክሮን ቀዳዳ ይመረጣል። ቀዳዳው ሲሰፋ ሴሉ ሳይሄድ ይወድቃል፤ ሲጠብ ጤናማውም አያልፍም።

ከአንድ ቀን በፊት ሚዲየሙን፣ ባዶውን ፕሌትና የፒፔት ጫፎቹን ሳይቀር ዝቅተኛ ኦክስጅን ክፍል ውስጥ አሳድሩ። ፕላስቲክ ኦክስጅን ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው የቆመ ሚዲየምም ከአየሩ ጋር ለመስተካከል ሰዓታት ይፈልጋል። በማግስቱ ደሙ ተቀድቶ ኒውትሮፊሉ በ2 ሰዓት ውስጥ ተለይቶ ይገባል። በ24 ጉድጓድ ፕሌት ከታች 600 ማይክሮ ሊትር ኬሞካይን ያለበት ሚዲየም፣ ከላይ 100 ማይክሮ ሊትር ውስጥ ከ100,000 እስከ 500,000 ሴሎች አድርጉ። ኩባያውን በማዘንበል አስቀምጡ፤ ከወንፊቱ ሥር የአየር አረፋ ከተያዘ ያ ጉድጓድ ውጤት የለውም። ለኒውትሮፊል ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ ለቲ-ሴል ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይበቃል። ከታች የወረዱትን ቁጠሩ፤ ከወንፊቱ በታች የተጣበቁትንም ቀዝቃዛ ኢዲቲኤ (የማላቀቂያ ኬሚካል) ባለበት ፈሳሽ አላቅቃችሁ ጨምሩ። ዝቅተኛ ኦክስጅን መጣበቂያዎችን ስለሚያበዛ ይህን የዘለለ ሰው «ጉዞ ቀነሰ» ብሎ ይደመድማል፤ ሴሎቹ ግን አልፈው ተጣብቀው ነው።

ከጎን ሦስት ማነጻጸሪያዎች አይቅሩ፦ ኬሞካይን የሌለበት፣ ከላይም ከታችም እኩል ኬሞካይን ያለበት (ሴሉ እንዲሁ እየባከነ ነው ወይስ አቅጣጫ ይዞ የሚለው የሚለየው በዚህ ነው)፣ እና በመጨረሻው ሰዓት የቀሩት ሕያዋን ሴሎች ቆጠራ። የመጨረሻው በተለይ ከ6 ሰዓት በላይ ለሚቆይ ሙከራ ግዴታ ነው። በኦክስጅን እጥረት ኒውትሮፊል ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚኖር፣ ከታች ብዙ ሴል መገኘቱ ብዙ ስለተጓዘ ሳይሆን ጥቂት ስለሞተ ሊሆን ይችላል።

ሂፍ-1 አልፋን ልንለካ ብንል ባንዱ (ፕሮቲኑ መኖሩን የሚያሳየው መስመር) አይታይም። ለምን?

ፕሌቱ ከክፍሉ ስለወጣ ነው። ኦክስጅን እንደነካው ፕሮቲኑ በደቂቃዎች ይፈርሳል፤ ሴንትሪፉጅ እስኪቆም ድረስ የቀረ የለም። ማፍረሻ ፈሳሹን ቀዝቃዛ አድርጋችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ ጨምሩበት። ይህ የማይቻል ከሆነ ሂፍ የሚያስነሣቸውን የአንዳንድ ጂኖች ኤምአርኤንኤ ለኩ፤ እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።

ዝቅተኛ ኦክስጅን ክፍል የለንም፤ ኮባልት ክሎራይድ ይተካዋል?

በከፊል። ኮባልት የብረቱን ሥራ ስለሚያደናቅፍ ሂፍ ኦክስጅን እያለም ይከማቻል፤ አብዛኛውን ጊዜ 100 ማይክሮሞላር ገደማ ይበቃል። ዲኤምኦጂ የተባለው ደግሞ የአልፋ-ኬቶግሉታሬትን ቦታ ይይዛል፤ የተለመደው መጠኑ 1 ሚሊሞላር ነው። ሁለቱም ግን ሂፍን ያስነሣሉ እንጂ ኦክስጅንን አይቀንሱም። ናድፒኤች ኦክሲዴዝ ጥሬ ዕቃው አልተነካበትም፤ ሚቶኮንድሪያውም እየተነፈሰ ነው። ስለዚህ የሲኤክስሲአር4 መጨመርን ለማየት ያገለግላሉ፤ ባክቴሪያ መግደልን ወይም የቲ-ሴል መተላለፊያዎችን ለማየት ግን አያገለግሉም። ኮባልት በራሱ መርዝ ስለሆነ ሕያዋን ሴሎችን መቁጠር እዚህም አይቀርም፤ ትርፉም በመታጠቢያ ቧንቧ አይደፋም፤ በተለየ ጠርሙስ ይሰበሰባል።

በርካሽ የሚቻል አማራጭ አለ። አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ወይም የመስተዋት ሣጥን፣ ሁለት ቧንቧና ማጥበቂያ፣ ቀድሞ የተቀላቀለ የጋዝ ሲሊንደር። በደቂቃ 20 ሊትር ለ5 ደቂቃ አሳልፉበትና ዝጉት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሚዲየሙና ከፕላስቲኩ የወጣውን ኦክስጅን ለማስወገድ ድገሙት። ይህን ሁለተኛ ጊዜ መዝለል በእንዲህ ዓይነት ሣጥን ለሚበላሽ ሙከራ ዋናው ምክንያት ነው። ናይትሮጅን ያለበት ሲሊንደር በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲለቀቅ ሰውን ሳያስታውቅ ያፍናልና መስኮት ተከፍቶ ይሠራ።